ሰው የሌለበት ኮረብታ

አባዬ ሠዓሊ ነኝ ብሎ አያውቅም። ሥራህ ምንድን ነው ሲሉት «የትምህርት መርጃ መሣሪያዎች ክፍል ነኝ» ይላል። ያልገባው ሰው ደግሞ ሲጠይቀው፣ «ተማሪ ሳለህ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያየኸው ጨጓራ ትዝ ይልሃል? እሱ የኔ ነው» ብሎ ይስቃል። በኛ ዕድሜ ያለ ተማሪ ሁሉ ልብን፣ ሳንባን፣ የተቦረቦረ ጥርስንና የባቄላን አበቃቀል ያየው በእሱ እጅ ነው። ስሙ ግን አንዱም ላይ አልተጻፈም። መሥሪያ ቤቱም ቢሆን በስሙ የሚጠራው ደመወዝ ሲያስፈርመው ብቻ ነበር፤ በሌላው ጊዜ ሁሉም የሚያውቀው «ጋሽ ብሩሽ» በሚለው ነው።

እዚያ ከመቀጠሩ በፊት የሱቅና የፀጉር ቤት ታፔላ ይሥል ነበር። በዚያን ጊዜ በከተማችን ታፔላዎች ላይ ፀጉሩን የሚቆረጠው ሰው፣ ጫማ የሚለካው ሰው፣ ጥርሱን የሚነቀለው ሰው ሁሉ አጎቴን ይመስላል። ዝም ብሎ እንዲሣል የሚታገሠው የእማዬ ወንድም ብቻ ስለነበረ ነው። አጎቴ መንገድ ላይ ሲሄድ ሰው «ጥርስህ ተሻለህ?» ይለው ነበር አሉ።

የአባዬ መሥሪያ ቤት ከትልቁ ሕንፃ ጀርባ ያለ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ረጅም አዳራሽ ነበር። ከትምህርት ቤት ስወጣ ቀጥታ ወደዚያ ነው የምሄደው፤ እማዬ ከልብስ ስፌት ቤቷ እስክትመለስ የምቆየው እሱ ጋ ነው። በሩን ስከፍተው የሚቀበለኝ ቀለም የሚቀጥንበት የአኳራጅ ሽታ ነው። አሁንም ቀለም በሚቀባ ቤት አጠገብ ሳልፍ እግሬ ሳላዘው ቀስ ይላል። አዳራሹ ውስጥ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ገመድ ተወጥሯል፤ የታተሙት ሥዕሎች በልብስ መቆንጠጫ ተይዘው እንደ ታጠበ አንሶላ ይንጠለጠላሉ። ማተሚያው መሐል ላይ ነው፤ አንዱ ሠራተኛ ወረቀቱን ያስገባል፣ ሌላው በእንጨት ፍሬም በተወጠረው ስስ ጨርቅ ላይ ቀለሙን በጎማ መጥረጊያ ይስበዋል። ቀለም የሚገባው በየተራ ነው። ቢጫ የሚታተም ሰሞን አዳራሹ በሙሉ ቢጫ ነው፤ ምን እንደሆነ እንኳ አይለይም። ከዚያ ሰማያዊው ሲመጣ ቢጫው ላይ ያርፍና አረንጓዴ ይወጣል። መጨረሻ ላይ ጥቁሩ ይገባል፤ ያኔ ሥዕሉ ነፍስ ይዘራል። ጥቁር የሚገባበት ቀን ከሆነ የቤት ሥራዬን እረሳለሁ።

አንድ ዓመት የአካባቢ ትምህርት የሚባል ነገር መጣ። የክፍሉ ኃላፊ ሠራተኞቹን ሰብስቦ፣ «አፈሩ እየታጠበ ነው፣ ዛፉ እያለቀ ነው፣ ውኃው እየደረቀ ነው፤ ልጆቹ ከአሁኑ ይወቁት ተብሏል። መምህራኑ ግን በባዶ እጃቸው ነው ያሉት» አለ። ከዚያ ወደ አባዬ ዞሮ፣ «ጋሽ ብሩሽ፣ ነገሩ ያንተ ነው» አለው።

አባዬ ሁለት ኮረብታ ሣለ። አንድ ወረቀት ላይ፣ ጎን ለጎን። በግራ በኩል የተራቆተው ነው፤ ጎርፍ የሸረሸረው ቦረቦር፣ የዛፍ ጉቶ፣ ቀይ አፈር። በቀኝ በኩል አረንጓዴው፤ ጥቅጥቅ ያለ ደንና ኩልል ያለ ጅረት። ክረምቱን በሙሉ የፈጀው አረንጓዴው ነው። ኃላፊው ቢሮ ውስጥ ከውጭ አገር የመጣ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሎ ነበር፤ አባዬ እሱን ለምኖ አምጥቶ ከፊቱ ደገፈውና ዛፉን ቅጠል በቅጠል ቀዳው። ግራውን ግን ከምንም ሳይገለብጥ በጥቂት ቀን ነው የጨረሰው። ጭራሮ የተሸከመች ሴት አለች፤ ፍየሎች አሉ፤ የጨርቅ ኳስ የሚያባርሩ ልጆች አሉ፤ ጭስ የሚወጣበት ቤት አለ፤ ደጃፉ ላይ ጅራቱን የሚቆላ ውሻ አለ። «አፈሩን ያራቆተው ሰው ስለሆነ ሰው እዚያ መታየት አለበት» ይል ነበር። አረንጓዴው ኮረብታ ላይ አንድም ሰው አልነበረም። ንጹሕ ነው፤ ሶፋው በጨርቅ ተሸፍኖ ማንም እንደማይቀመጥበት የእንግዳ ክፍል።

ሥዕሉ ታትሞ በየትምህርት ቤቱ ተበተነ። አባዬ ልቡ ቅቤ ጠጣ። እማዬን፣ «ከጨጓራ ወጣሁ» አላት።

ዓመት ሳይሞላው አንዲት ተመራማሪ መጣች። እኔ ከጠረጴዛው ሥር ቁርጥራጭ ወረቀት እየለቀምሁ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ የመጣች፣ ቀጠን ያለች፣ ትከሻዋ ላይ ድምፅ መቅጃ ቴፕ ያንጠለጠለች ወጣት ናት።

«የሁለቱን ኮረብታ ሥዕል የሠሩት እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ?»

«እኔ ነኝ፤ ምን አጠፋሁ?» አለ አባዬ እየሳቀ። ምስጋና ሊሰማ ጆሮውን አዘጋጅቶ ነበር።

«የማስተማሪያ ሥዕሎች ለልጆች ምን እንደሚሏቸው እያጠናሁ ነው። በየትምህርት ቤቱ እየዞርሁ ይህን ሥዕል አሳይቼ፣ ‹የት መኖር ትፈልጋላችሁ?› ብዬ ጠየቅኋቸው።» ቴፑን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። «አብዛኞቹ የመረጡት የተራቆተውን ነው።»

አባዬ ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። «ግራና ቀኝ አይለዩም ይሆናላ።»

«በጣታቸው ነው ያሳዩኝ።»

«እንግዲያው አስተማሪዎቻቸው አላስተማሯቸውም!»

«አስተምረዋቸዋል ጋሼ። ‹የቱ ነው ጥሩው?› ስላቸው ሁሉም አረንጓዴው ይላሉ። አፈር እንዴት እንደሚሸረሸርም በቃላቸው ይወጡታል። የት መኖር ትፈልጋላችሁ ስላቸው ግን ሌላ ነው።»

«የኔ እመቤት፣ እኔ ብሩሽ ስይዝ እርስዎ አልተወለዱም» አላት አባዬ። ሰው ሲያናድደው ነው «እርስዎ» የሚለው።

«ሥዕሉ አያምርም አላልሁም።»

«ታዲያ ምን እያሉ ነው?»

«አብረን እንሂድና በጆሮዎ ይስሙት ነው የምለው።»

አባዬ ጀርባውን ሰጥቷት ብሩሽ ማጠብ ጀመረ። ብሩሾቹ የታጠቡ ነበሩ። እሷም የኔን ራስ ዳሰስ አድርጋ ወጣች።

ማታ እራት ላይ ነገሩን ለእማዬ ሲነግራት ደሙ እንደገና ፈላ። «ለልጅ ብለህ ዓይንህን አጥፍተህ ቅጠል ቆጥረህ ሥራ፤ ከዚያ ቴፕ ያንጠለጠለች መጥታ አልተወደደልህም ትበልህ!»

እማዬ የሰው ቀሚስ ጠርዝ እየቀመቀመች ነበር። ቀና ሳትል፣ «እኔ ቀሚስ ሰፍቼ ደንበኛዋ ጠበበኝ ስትል፣ ሆድሽን ቀንሺ እላታለሁ?» አለችው።

አክስቴ፣ የእሱ ታላቅ እህት፣ ከጓዳ በኩል ካለችው ክፍሏ ሳቋ ተሰማ። ባሏ ከሞተ ጀምሮ የምትኖረው ከእኛ ጋር ነው፤ አልጋዋ ላይ ሆና የቤቱን ወሬ ሁሉ ትሰማለች።

በሳምንቱ ከተመራማሪዋ ጋር ወደ አንድ ትምህርት ቤት ሄድን። እኔን የወሰደኝ የሚተወኝ ሰው ስላጣ ነው፤ እኔ ግን ለትልቅ ጉዳይ የተጠራሁ መስሎኝ የበዓል ጫማዬን አደረግሁ። ትምህርት ቤቱ ከከተማው ዳርቻ ነበር፤ ግቢው አቧራ፣ መስኮቶቹ ግማሽ በግማሽ በካርቶን የተደፈኑ። አባዬ መኪና ውስጥ ተመራማሪዋን፣ «የሣልሁት እኔ መሆኔን እንዳይናገሩ» ብሎ አስጠንቅቋት ነበር። ሥዕሉ ጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ተለጥፏል፤ አንዱ ጠርዙ ተቀድዷል። አባዬ ከኋላ ወንበር ላይ ጉልበቱን አጥፎ ተቀመጠ።

ተመራማሪዋ ለአንድ ልጅ ጥያቄዋን ጠየቀችው። ልጁ ሳያመነታ ወደ ግራ ጠቆመ።

«ለምን?»

«ውሻው እዚህ ነው ያለው።»

ሌላው ተነሣ። «እዚያኛው ጋ ማንም የለም። ከማን ጋር እጫወታለሁ?»

«እሺ፤ አንቺስ? አረንጓዴው ኮረብታ ምን ይመስልሻል?»

ፀጉሯን ሁለት ቦታ የተሠራች ልጅ ወደ ሥዕሉ ጠጋ ብላ አየችው። «ያምራል። ግን ጥበቃ አለው።»

«ጥበቃው የት አለ?»

«አይታይም። ከገባን ግን ያባርረናል።»

ክፍሉ በሙሉ፣ «አዎ፣ ያባርረናል!» አለ። እኔም አልሁ፤ አባዬ ዞር ብሎ አየኝ። ለካ እኔም እስከዚያች ቀን ድረስ እዚያ ደን ውስጥ እንዳልገባ የከለከለኝ ነገር እንዳለ ይሰማኝ ነበር።

ይኼኔ አባዬ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኖ ራሱ ጠየቃት። «ይህን የሣለው ሰውዬ የት የሚኖር ይመስልሻል?»

«እዚህ» አለች ልጅቷ፣ ጣቷን ጭስ የሚወጣበት ቤት ላይ አድርጋ።

«በምን አወቅሽ?»

«ሰዎቹን ያውቃቸዋላ።»

ስንመለስ ከተማው ገብተን ሰፊው አደባባይ ስንደርስ አባዬ ወደ ተመራማሪዋ ዞሮ፣ «ያቺን ልጅ ቀድተሻታል?» አላት።

«ቀድቻታለሁ።»

«አንድ ቀን መልሰሽ ታሰሚኛለሽ።»

ከዚያ ወዲህ «እርስዎ» ብሏት አያውቅም።

ቤት እንደገባን ሥዕሉን አክስቴ አልጋ ላይ ዘረጋው። አክስቴ መነጽሯን አደረገች፤ ግራውን እንዳየች፣ «ይኼማ ቤታችን ነው!» አለች።

«የት?»

«የት ይላል እንዴ! በሩ የዞረበትን አታይም? ይቺ እናታችን ናት። ጭራሮ ስትሸከም እንዲህ ነው አንድ ጎኗን የምታዘነብለው።»

አባዬ ቁጭ አለ። እሱ ራሱ አላወቀም ነበር። አረንጓዴውን ከቀን መቁጠሪያ እየገለበጠ፣ ግራውን ግን እጁ ዝም ብሎ ወደ ለመደው ነው የወሰደው። ያደገበት ኮረብታ፣ ጎረቤቶቹ፣ የእናቱ አረማመድ፤ የሚወደው ነገር ሁሉ «እንዲህ እንዳትሆኑ» በሚለው በኩል ሰፍሯል።

«እኔ ያወቅሁት እንዲህ ሆኖ ነው» አለ። «ጉቶው ላይ ነው ኳስ የተጫወትነው። ዛፉ የቆመ ጊዜ አንቺ ነበርሽ።»

«ነበርኩ እንጂ!»

«ንገሪኛ።»

የልጅነቴ ጥሩ ጊዜ የቱ ነው ብትሉኝ ያ ሰሞን ነው። ከእራት በኋላ ሁላችንም አክስቴ ክፍል እንሰበሰባለን። እማዬ የምትቀመቅመውን ይዛ ትመጣለች፤ እኔ እግርጌ እቀመጣለሁ፤ አባዬ ሰሌዳ ጉልበቱ ላይ አድርጎ እርሳሱን ይሞርዳል። አክስቴ ኮረብታውን እንደገና ትተክለዋለች። ምንጩ ከትልቁ ድንጋይ ሥር ነበር። ሴቶቹ ልብስ የሚያጥቡት ሰው እያሙ ነበር፤ የማን ባል ሰክሮ የማን አጥር ላይ እንደወደቀ። ጋደም ያለው ቅርንጫፍ ላይ ልጆች ይንጠለጠሉ ነበር፤ ቀንበጥ የሰበረ እንደሆነ የመንደሩ ሽማግሌ ጆሮውን ይቆነጥጡታል። የደረቀውን ለቅመው ያነድዳሉ እንጂ እርጥቡን አይነኩም። ንብ ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ ነበር፤ በእሱ ሥር ድምፅ ከፍ አድርጎ የሚያወራ የለም።

አባዬ ይሥላል፤ ያሳያታል። «ወፍራም አደረግሃት» ትለዋለች። «እናታችን ያኔ ቀጭን ነበረች።»

«አላየኋትም እኮ ቀጭን ሆና።»

«ስለዚህ እኔን ስማኛ!»

አንድ ጊዜ፣ «መጨረሻ ላይ ግን እኛው ነን የቆረጥነው» አለች። «ብርድ ነበር፤ ድርቅ ነበር። ማንም ክፉ ሰው አልመጣብንም።» አባዬ እርሳሱን አስቀመጠ። የዚያን ቀን ምንም አልሣለም።

አዲሱ ሥዕል ሲያልቅ ኃላፊው ላይ ታች አለ። «የታተመው ገና መጋዘን ሞልቷል! ደግሞስ ደን ውስጥ ሰው አስገብተህ፣ ልጆቹን ደን ግቡ ልትላቸው ነው?» ተመራማሪዋ ጥናቷን ይዛ ቢሮው ገባች። ምን እንዳለችው አላውቅም፤ ስትወጣ ፊቷ ፍም መስሎ ነበር። ኃላፊው ግን እጁን ሰጠ፤ ለሙከራ ጥቂት ብቻ ይታተም አለ።

ሙከራውን ይዘን ወደዚያው ትምህርት ቤት ሄድን። ልጆቹ ግር ብለው መጡ። አረንጓዴው ኮረብታ ላይ የሚያጥቡትን ሴቶች፣ ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠሉትን፣ በቀፎው ዛፍ ሥር በጣታቸው ጫፍ የሚራመዱትን እያዩ ተሳሳቁ። አባዬ ደረቱን ነፋ አደረገ። ያ የፊተኛው ልጅ ግን ኩርፍ ብሎ፣ «ውሻው ግን እዚያው ቀረ» አለ።

አባዬ ተመልሶ ውሻውን አሻገረው። ውሻው ሲሄድ ፍየሎቹን ምን ያቆማቸዋል፤ እነሱም ተሻገሩ፣ እረኛቸው በገመድ ይዟቸው። ኳሱም ሄደ። በመጨረሻ የተራቆተው ኮረብታ ላይ የቀረው በሩ የተዘጋ ቤት ብቻ ሆነ። ያ ሥዕል ነው ኋላ በየቦታው የተሰቀለው። መምህራን ለተመራማሪዋ እንደነገሯት ልጆቹ መጀመሪያ የሚጠይቁት፣ «የዚህ ቤት ሰዎች የት ሄዱ?» ብለው ነው፤ ትምህርቱም ከዚያ ይጀምራል።

ሥዕሉ ኮረብታ አዳነ ብዬ አልዋሽም። የአክስቴ ምንጭ አልተመለሰም። ልጆች ችግኝ የተከሉባቸው ትምህርት ቤቶች ነበሩ፤ ውኃ የሚያጠጣ ጠፍቶ የደረቀባቸውም ነበሩ። ሆኖም ከዚያ በኋላ በአባዬ ክፍል ልጆች ሳያዩት የሚታተም ነገር ቀረ። ሕጉን ያወጣው እሱ ነው፤ ሕጉን የሚያማርረውም እሱ ነበር። የውኃን ዑደት የሚያሳይ ሥዕል ሠርቶ አንዱ ተማሪ ቀስቶቹን አይቶ፣ «ዝናብ ሲዘንብ ፍላጻም ይወርዳል እንዴ?» ስላለ፣ አባዬ ሳምንቱን ሙሉ ቀስት ሳይሥል ውኃ ወደ ላይ እንዴት እንደሚወጣ ሲያወጣና ሲያወርድ ከረመ። ከተመራማሪዋ ጋር በነገር ሁሉ ይከራከራሉ። እሷ አግብታ ወለደች፤ ልጇን አዝላ አዳራሹ ውስጥ ስትከራከረው አስታውሳለሁ።

ከዚያ ኮምፒዩተር መጣ። ሥዕሉ ሌላ ቦታ፣ በአንድ ቀን የሚታተም ሆነ። አዳራሹ ተዘጋ፤ ፍሬሞቹ ግቢው ውስጥ ተከምረው ዝናብ መታቸው። አባዬ ጡረታ ወጣ። ቤት መዋል አልሆነለትም፤ እማዬ፣ «የወጥ ቤቱን ግድግዳ ቀባህልኝ፣ የመታጠቢያውን ቀባህልኝ፤ ቀጥሎ እኔን ልትቀባ ነው?» ትለው ነበር። ያዳነችው ተመራማሪዋ ናት። ያኔ ፀጉሯ ሸብቶ የመምህራን ማሠልጠኛ ኃላፊ ሆና ነበር። ጠርታው፣ ገጠር ለሚመደቡ አዳዲስ መምህራን ካርቶንና ከሰል ይዘው እንዴት የማስተማሪያ ሥዕል እንደሚሠሩ እንዲያሳያቸው አደረገች። እጁ መንቀጥቀጥ እስኪጀምር ድረስ ዓመታት አስተማረ። ማስተማሩን ካቆመ በኋላም አንዳንዶቹ ቤት ድረስ ይመጡ ነበር፤ በር ላይ «ጋሼ አሉ?» የሚለው ድምፅ ዛሬም አንዳንዴ ይመጣብኛል።

ሲሞት ተመራማሪዋ ለቅሶ መጣች። አክስቴ ቀድማው ሄዳለች፤ ቤቱ ሰው ቢሞላውም ጎድሏል። ተመራማሪዋ ከእማዬ ጎን ተቀመጠች።

«መጀመሪያ ቀን ሲቆጣኝ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ» አለቻት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«እሱም እኮ ያን ማታ እራቱን ነካ ነካ አድርጎ ተወው» አለች እማዬ። «‹የሰው ልጅ አስለቀስሁ መሰለኝ› ብሎኛል።»

«ነግሮኝ አያውቅም።»

«የት ይናገራል!»

ተመራማሪዋ እንባዋን ጠርጋ ፈገግ አለች። «አንድ ጊዜ ሥዕል ላስተምርሽ ብሎኝ ነበር። ስለ ሥዕል ይህን ሁሉ ትጽፊያለሽ፣ አንድ ዶሮ እንኳ ሣይ አለኝ። ሣልሁለት። ዝም ብሎ አየውና፣ ‹የስንት ቁጥር ነው?› አለኝ። ጫማ መስሎት።»

እማዬ መጀመሪያ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ከዚያ አልቻለችም፤ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ለቅሶ የመሰላቸው ሴቶች ሊያባብሏት ተነሡ። እሷም እጇን እያወዛወዘች፣ እየሳቀች፣ ተመራማሪዋን ክንዷን ይዛ፣ «እስቲ ሌላ ንገሪኝ» አለቻት።